ከአውድማ እስከ ላፍቶ ማሳ፦ የብስባሽ ዝግጅትና የጉልበት ጥያቄ ታሪክ

ስለ ብስባሽ ወይም ኮምፖስት ጥቅም ያልተነገረበት ቀበሌ በአሁኑ ወቅት ማግኘት አዳጋች ነው። የአፈርን ለምነት እንደሚመልስ፣ ውኃ እንደሚይዝ፣ የማዳበሪያ ወጪን እንደሚቀንስ በየስብሰባው ተነግሯል። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳይሞላ፣ ተሞልቶም ሳይበስል የዘር ወቅት ይደርሳል። ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ በዕውቀት ማነስ አይደለም። ብስባሽ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱም የሚያልቀው ጉድጓድ በመቆፈር ብቻ ሳይሆን አገዳና ገለባውን፣ አረምና ቅጠሉን በመሰብሰብ፣ በመሸከም፣ በመቆራረጥና በማገላበጥ ነው።

ስለሆነም የብስባሽ ታሪክ ጠጋ ብለው ሲመለከቱት አንድ ጥያቄ ይደጋገምበታል። ይኸውም ጠንካራውን ዕፅ የሚሰባብረው ማነው? የሰው ክንድ ነው፣ የከብት ሰኮና ነው፣ የጋሪ ጎማ ነው፣ ወይስ ማሽን? ከታች የቀረበው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በልዩ ልዩ ዘመንና አገር የተሰጡትን መልሶች በመቃኘት በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በንፋስ ስልክ ላፍቶ አካባቢ ለሚያርሱ አትክልት አምራቾችና ለሌሎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት የሚሆነውን ትምህርት ያሳያል።

በአባቶች ልማድ የነበረው

ብስባሽ የሚለው ስም በግብርና ትምህርት ከመለመዱ በፊት የኢትዮጵያ ገበሬ ተረፈ ምርትን ወደ አፈር የሚመልስበት የራሱ ዘዴ ነበረው። በደጋው አካባቢ ከቤቱ አጠገብ ያለው የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ ለም ሆኖ የሚታየው በሌላ ምክንያት አይደለም። የምድጃ አመድ፣ የበረት ጥራጊ፣ የቤት ፍርፋሪና የአተላ ዝቃጭ ዓመቱን ሙሉ ወደዚያው ስለሚደፋ ነው። ጎመኑ፣ በርበሬው፣ በቆሎውና ጌሾው የሚተከለውም እዚያ ነው።

በጉራጌና በሌሎች የእንሰት አብቃይ አካባቢዎች ደግሞ ልማዱ ከዚህም የጠለቀ ነው። ከብቱ ሌሊት ከቤት ያድራል፤ የተጎዘጎዘለት ሣርና ቅጠል በእግሩ ተረግጦ፣ በሽንቱ ርሶ፣ ከእበቱ ጋር ተደባልቆ ያድራል። በማግሥቱ ይኸው ጥራጊ ተሰብስቦ ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰዳል። ለዘመናት አንድ መሬት ሳይደክም እንሰት ሲያበቅል የኖረበት ምሥጢር ከዚህ ልማድ ተለይቶ አይታይም። ጥራጊውን ተሸክመው የሚያወጡት ግን በአብዛኛው ሴቶች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ስለ ብስባሽ ጉልበት ሲነገር ቅድሚያ የሚነሳው የእነርሱ ጉልበት ነው።

በእህል አብቃይ አካባቢም የመሰባበሩን ሥራ የሚሠራ አለ፤ እርሱም በሬው ነው። ጤፍና ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ በአውድማ ላይ ሲወቃ በሬዎቹ ዙሪያውን እየተሽከረከሩ ይረግጡታል። ፍሬው ሲለይ ቄጠማ የነበረው ጭድና ገለባ ሆኖ ይወጣል። ገበሬው ማጭድም ገጀራም ሳያነሳ ዕፁ ተቆራርጦ፣ ልስልሱ ወጥቶ፣ ለከብት መኖም ለመበስበስም ዝግጁ ሆኗል ማለት ነው። የጭቃ ቤት የሚሠራ ሰውም ይህንኑ ያውቃል። ጭድ በጭቃ ውስጥ ተረግጦ ጥቂት ቀን ሲከርም ይለሰልሳል፤ ጭቃውም ለምርጊት ይመቻል።

በአንጻሩ የበቆሎና የማሽላ አገዳ በአውድማ አይረገጥም። ራሱ ተቆርጦ አገዳው ማሳ ላይ ይቀራል፤ ወይ ለአጥርና ለማገዶ ይውላል። ከሁሉም ተረፈ ምርት ለመበስበስ አስቸጋሪ የሆነው ይኸው አገዳ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። የላይኛው ቆዳው ጠንካራና ሰም መሰል ስለሆነ ውኃም ሆነ ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ አይገቡበትም።

ከልማዱ ጎን ለጎን ልማዱን የሚሸረሽር ችግርም ነበረ። ደኑ ሲመናመን እበቱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ገባ። ጭዱ ለመኖ፣ አገዳው ለማገዶ ተፈለገ። ወደ አፈር የሚመለሰው ነገር ከዓመት ዓመት አነሰ። በዚህ የተነሳ አፈሩ ሲደክም ሌላ መፍትሔ መፈለጉ አይቀርም ነበር።

የኢንዶር ትምህርት

በዓለም አቀፍ ደረጃ ብስባሽን በጽሑፍና በመለኪያ ሥርዓት ካስያዙት መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ሰር አልበርት ሃዋርድ ናቸው። ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በመካከለኛው ሕንድ በምትገኘው በኢንዶር ከተማ የምርምር ተቋም ይመሩ ነበር። ከሥራ ባልደረባቸው ከየሽዋንት ዋድ ጋር ያዘጋጁት የእርሻ ተረፈ ምርትን የሚመለከት መጽሐፍ በ1931 ታተመ፤ ዘዴውም «የኢንዶር ዘዴ» ተብሎ በብዙ አገር ተሠራበት። ሃዋርድ ብዙውን የተማሩት ከሕንድና ከቻይና ገበሬዎች መሆኑን ራሳቸው አልደበቁም።

የኢንዶር ዘዴ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው አደራረቡ ነው። ቅጠላ ቅጠል፣ እበት፣ በሽንት የራሰ አፈርና አመድ በየተራ ይነባበራሉ፤ ክምሩም በ3 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ይገለበጣል። ለጉልበት ጉዳይ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን ከመደርደሩ በፊት የነበረው ዝግጅት ነው። በኢንዶር ዋናው ተረፈ ምርት የጥጥና የእርግብ አተር ግንድ ነበር። ይህ እንደ እንጨት የጠጠረ ነገር በእጅ ይቆረጥ ቢባል የሠራተኛው ክፍያ ከብስባሹ ዋጋ በላይ በሆነ ነበር። ስለዚህ ግንዱ በእርሻው መንገዶች ላይ ተዘረጋ። ጋሪው፣ በሬውና መንገደኛው በየዕለቱ ሲመላለሱበት እየተሰነጣጠቀ ደቀቀ። ከዚያ በኋላ ለከብት ጉዝጓዝ ሆነ፤ በሰኮና ተረገጠ፤ ሽንትም ጠጣ። ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ሥራው በግማሽ አልቆ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ከብቱም ጋሪውም በመንገዱ መሄዳቸው አይቀርም ነበር። ሃዋርድ ያደረጉት አዲስ ጉልበት መጨመር ሳይሆን አስቀድሞ የሚወጣውን ጉልበት ለሌላ ሥራም እንዲጠቅም ማድረግ ነው።

ማገላበጡን ለማስቀረትም ሌላ ሕንዳዊ መልስ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1939 በባንጋሎር የሳይንስ ተቋም ዶክተር አቻርያ የነደፉት ዘዴ ጉድጓዱ አንዴ ከተሞላ በኋላ በጭቃ ተመርጎ ሳይገለበጥ እስኪበስል የሚቆይበት ነው። ጊዜው ይረዝማል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። በተቃራኒው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው ዘዴ ዕፁን በማሽን በማድቀቅና በየጥቂት ቀኑ በማገላበጥ ብስባሹን በ2 ሳምንት አካባቢ ያደርሳል። ፈጣን ነው፤ ማሽንና ሰፊ ጉልበት ግን ይሻል። ባለ አንድ ጥማድ ገበሬ ከፍጥነትና ከጉልበት አንዱን እንዲመርጥ ቢጠየቅ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም።

ከከረጢት ማዳበሪያ ወደ ጉድጓድ

በኢትዮጵያ የፋብሪካ ማዳበሪያ ለገበሬው በስፋት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ ነው። በዚያ ጊዜ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባገዘው የፀረ ረሃብ ዘመቻ በገበሬ ማሳ ላይ ሠርቶ ማሳያዎች ተካሄዱ። በዚያው ዓመት በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ)፣ ቀጥሎም ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም ማዳበሪያውን ይበልጥ አስፋፉት። ዳፕና ዩሪያ የሚሉት ስሞች የገጠር ቃላት ሆኑ።

ማዳበሪያው የተወደደበት አንዱ ምክንያት ክብደቱ ነው። በኋላ ለብዙ ዓመታት በተለመደው ምክር መሠረት ለ1 ሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ ሲጨመር ወደ 64 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይገባል፤ ይህም 2 ኩንታል ሸክም ነው። ያንኑ ናይትሮጅን በደረቅ ክብደቱ 1 በመቶ ናይትሮጅን ካለው ብስባሽ ለማግኘት 64 ኩንታል ደረቅ ብስባሽ ያስፈልጋል። ግማሹ እርጥበት ከሆነ ሸክሙ 128 ኩንታል ይደርሳል፤ ናይትሮጅኑም በአንድ ዓመት ሁሉ አይለቀቅም። በእርግጥ ብስባሽ ማዳበሪያው የማይሰጠውን ይሰጣል። አፈሩን ያላላል፤ እርጥበት ያቆያል፤ ጥቅሙም ለቀጣይ ዓመታት ይተርፋል። ሆኖም የሸክሙ ልዩነት ተሸሽጎ ስለ ብስባሽ መስበክ ገበሬውን አያሳምንም።

ይህን እውነት ተቀብሎ በገበሬ ማሳ ላይ ከተሠሩት ሥራዎች ዋነኛው በ1988 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ነው። ዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር በመሆን ሥራውን በ4 የገጠር ማኅበረሰቦች ጀመረ። ከእነርሱም አንዷ በሐሸንጌ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኘው ዓዲ አቦ ሞሳ ናት። የሥራው መሪዎች ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ነበሩ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ2000 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ያገኙ ሳይንቲስት ሲሆኑ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። ሱ ኤድዋርድስ ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት በሚዘረዝረው ሥራ አዘጋጅነት የሚታወቁ ሲሆን በ2010 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በትግራይ የታየው ውጤት ብዙ ተብሎለታል። ከ900 በላይ በሆኑ ማሳዎች ላይ በተካሄደ የምርት ልኬት ብስባሽ የገባበት መሬት ምንም ካልገባበት ጋር ሲነጻጸር በአብዛኞቹ ሰብሎች እጥፍ ያህል ምርት ሰጥቷል። በብዙዎቹም የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም ከውጤቱ እኩል ሊታወስ የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ብስባሽ ከመሠራቱ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ነገር መገኘት ነበረበት። ስለሆነም ማኅበረሰቦቹ ልቅ ግጦሽን የሚገድብ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ በእርከኑ ጠርዝና በቦረቦሩ ዳር ሣርና እንደ ሰስባኒያ ያሉ ዛፎች ተከሉ። ቅጠሉ ከማሳው ዳር ሲገኝ ሸክሙ አጠረ። እንደ ዘዴም በመጨረሻ የተመረጠው የሕንዱንና የቻይናውን የጉድጓድ ዘዴ ለደረቅ አየር ንብረት ያስማማው ነው። የጉድጓዱ ሥር በወፍራም አገዳ ይነጠፋል። በላዩ ደረቁ፣ እርጥቡ፣ እበቱና አፈሩ ይነባበራል። መሐሉ ላይ አየር የሚያስገባና ሙቀትን የሚያሳውቅ እንጨት ይተከላል። ከዚያም በጭቃ ይመረጋል።

ከዚያ ወዲህ ብስባሽ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የልማት ሠራተኞች የዘወትር ሥራ ሆኗል። አንዳንዱ ቦታ ግን ሥራው በተቆፈረው ጉድጓድ ቁጥር ሲለካ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ እንደገናም በ2022 እ.ኤ.አ. ሲንር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል አርሶ አደሮች በማዳበሪያ እጥረት ምክንያት አደባባይ ወጥተው አቤቱታ ሲያሰሙ ጉዳዩ እንደ አዲስ ተነስቷል። በችግር ጊዜ የሚታወስ፣ ዋጋው ሲረግብ የሚረሳ ሥራ ግን አፈር አያለማም።

የመካኒሳና የላፍቶ ማሳዎች

አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ንፋስ ስልክ ላፍቶ አንዱ ሆነ። በክፍለ ከተማው የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ እስኪደርስ ድረስ በዳርቻው ጎመንና ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ሲያለማ ኖሯል። በደርግ ዘመን የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ የአትክልት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር በዚሁ አካባቢ ይንቀሳቀስ ነበር። ተመራማሪዋ አክሱማዊት ገብረ እግዚአብሔር ይህን ማኅበር መነሻ በማድረግ ያካሄዱት ጥናት በ1994 እ.ኤ.አ. በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። ጥናቱ የከተማ እርሻ ለድሃው ቤተሰብ የምግብም የገቢም ምንጭ መሆኑን በማሳየቱ በውጭ አገር ሳይቀር ተጠቅሷል።

የከተማው አትክልት አምራች የብስባሽ ችግር ከገጠሩ የተገለበጠ ነው። ገጠር ውስጥ ደረቁ በዝቶ እርጥቡ ያንሳል። እዚህ ግን እርጥቡ ይበዛል፤ ደረቁ ያጥራል። አምራቹ ከማሳው የሚያገኘው የጎመን ግንድ፣ የቆስጣ ቅጠል፣ የካሮት አናትና አረም ነው። በ2013 ዓ.ም. ከአትክልት ተራ ተነስቶ ጃን ሜዳ ቆይቶ የነበረው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲዛወር ደግሞ የገበያው ቅጠላ ቅጠል ለላፍቶ ማሳዎች ቅርብ ሆነ። እርጥብ ቅጠል ብቻውን ሲከመር ግን ይተኛል፤ አየር ያጣል፤ ይሸታል፤ ዝንብ ይጠራል። ከእርሱ ጋር መግባት ያለበት ጭድ በከተማ ውስጥ ለከብት አርቢው በውድ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ችግር ንጽሕና ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአቃቂ ወንዞች ውኃ በሚለማ አትክልት ላይ ባደረጉት ምርመራ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጡ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። በዚህ ላይ ባትሪ፣ ቀለምና የተቃጠለ ዘይት የነካው ጥራጊ በብስባሽ ስም ቢጨመር ጉዳቱ ይብሳል። ከባድ ብረት በመበስበስ አይጠፋም፤ እንዲያውም ክምሩ ሲቀንስ መጠኑ ይጠነክራል።

ያልተለየ ቆሻሻ የሚያስከትለውን ጉዳት የአካባቢው ነዋሪ በሌላ መልኩም አይቷል። በክፍለ ከተማው አዋሳኝ በሚገኘው በረጲ ወይም በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። ከምንጩ ተለይቶ ወደ ማሳ ቢሄድ አፈር የሚሆነው ሳይለይ ሲቀር ሸክም ሆኖ ይከመራል።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። በጀሞ፣ በለቡና በላፍቶ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ሕንጻዎች ሲስፋፉ የእርሻው ይዞታ ጠቧል። ፉሪም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር ገብቷል። የነገው መሬቱ አስተማማኝ ያልሆነ አምራች ለዓመታት የሚጠቅም ሥራ ለመሥራት ቢያመነታ አይፈረድበትም። በጥቂት ጉልበት በአንድ ወቅት የሚደርስ ብስባሽ ለከተማው አምራች ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዕፁን ማዘጋጀት፦ ምን ይቆረጥ፣ ምን ይተው

የብስባሹን ጉልበት ለመቀነስ የሚጀመረው ሁሉንም እኩል ከመቆራረጥ በመታቀብ ነው። ዕፁ በ3 ይከፈላል።

አንደኛው ለስላሳው ነው። የጎመን፣ የሰላጣና የቆስጣ ቅጠል እንዲሁም ለጋ አረም መቆረጥ አያስፈልጋቸውም። ቢከተፉ ውኃቸውን ለቀው እንደ ጭቃ ይጣበቃሉ። ይልቁንም 1 ወይም 2 ቀን ተበትነው ይጠውልጉ። ክብደታቸው ስለሚቀንስ ሸክሙም ይቀላል። አረም ከማፍራቱ በፊት መታጨድ አለበት። እንደ ሰርዶና እንግጫ ያሉ ከሥራቸው የሚያቆጠቁጡ ግን በፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቁ አይገቡም። በበሽታ የተመታ ጎመንም ከነሥሩ ተለይቶ ይወገድ።

ሁለተኛው ደረቅና ቀጭን የሆነው ነው፤ ጭድ፣ ገለባ፣ የደረቀ ሣርና የረገፈ ቅጠል። የጤፍና የስንዴ ጭድ በአውድማ የተረገጠ በመሆኑ ደግሞ መቁረጥ ድካም ነው። የሚፈልገው ውኃ ነው። ደረቅ ጭድ ከተደረደረ በኋላ ውኃ ቢፈስበት ያንሸራትተዋል እንጂ አይጠጣም። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ማራስ፣ ከተቻለም የከብት ሽንት የተቀላቀለበት ውኃ ማጠጣት ተገቢ ነው። የባሕር ዛፍና የጥድ ቅጠል ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ በጥቂቱ ብቻ ይጨመር። ሰጋቱራም እንዲሁ ነው፤ በመድኃኒት የታከመ እንጨት ሰጋቱራ ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ሦስተኛው ጠንካራው ነው፤ የበቆሎና የማሽላ አገዳ፣ የጎመን ግንድ፣ የአጥር ቁርጥራጭ። ጉልበት የሚያልቀው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ርዝመቱን ከማሳጠር ይልቅ ቆዳውን መሰንጠቅ ይበልጣል። በርዝመቱ የተሰነጠቀ አገዳ በአጭሩ ከተቆረጠና ቆዳው ካልተነካ አገዳ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ምክንያቱም ውኃውና ረቂቅ ተሕዋስያኑ የሚገቡት በስንጥቁ ነው። ከብት ያለው አገዳውን በበረት ይጎዝጉዘው፤ ከብት የሌለው በማሳው መተላለፊያ ላይ ይዘርጋው። 2 ሳምንት በእግር ሲመላለሱበት ቀሪው በገጀራ ጀርባ በጥቂት ምት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ ለጉድጓድ ብስባሽ በቂ ነው። ከዚህ ማሳነስ አየር የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ከአገዳው የተወሰነው ደግሞ ጭራሽ አይቆረጥም። ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ከጉድጓዱ ሥር እንዳለ ይነጠፋል፤ ትርፉን ውኃ ያሳልፋል፤ አየርም ያስገባል። ከአውራ ጣት የሚወፍር እንጨት ግን ለምድጃ ይሁን።

አደራረቡም ከዚህ ይከተላል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ደረቁ፣ በዚያው ልክ እርጥቡ፣ በላዩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እበት ወይም ፋንድያ፣ ከዚያ ስስ የአፈርና የአመድ ብትን ሆኖ ጉድጓዱ እስኪሞላ ይደጋገማል። ደረቅና እርጥብ የሚመጣጠነው በልማድ ብቻ አይደለም። ጭድ ብዙ ካርቦንና ጥቂት ናይትሮጅን አለው፤ ቅጠልና እበት በናይትሮጅን ይካሳሉ። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲደርስ ተሕዋስያኑ በደንብ ይሠራሉ። እርጥበቱን ለማወቅ ጭብጥ ያህል አፍሶ መጭመቅ በቂ ነው። በጣት መሐል ጠብ ጠብ ካለ ደህና ነው፤ ከፈሰሰ ደረቅ ይጨመር፤ እጅን ካላራሰ ውኃ ይጠጣ። በሳምንት ውስጥ መሐሉ የተተከለው እንጨት ተነቅሎ ሲዳሰስ ሞቅ ካለ ሥራው ተጀምሯል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ፣ ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ አየር አንሶታል።

ጉድጓዱ ወይም ክምሩ የሚቀመጥበት ቦታም የጉልበት ጉዳይ ነው። ዕፁ በሚገኝበትና ብስባሹ በሚበተንበት ማሳ ዳር ሲሆን መሸከሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ሲበስል ክምሩ ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ስለሚወርድ ከሩቅ ቦታ ጥሬውን ማመላለስ እጥፍ ድካም ነው። ወቅቱም እንዲሁ ነው። በገጠር ከመስከረም እስከ ጥቅምት አረሙና ሣሩ ለምለም፣ እርጥበቱም ያልጠፋበት ጊዜ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሚገኘው ጭድ ጋር ለማገናኘት ያለፈውን ዓመት ጭድ ጥቂት አስተርፎ ማቆየት ያስፈልጋል።

ለማኅበራት የቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለአካባቢ አስተዳደር የሚተርፉ ጥቂት ነጥቦች አሉ። ለአንድ አባል የማይቻለው የመኖ መቆራረጫ ማሽን ለማኅበር ይቻላል። ለከብቱ መኖ የሚቆርጠው ያው ማሽን ለብስባሹ አገዳም ያገለግላል፤ በሳምንት አንድ ቀን በተራ ቢዞር የብዙ ሰው ክንድ ያሳርፋል። ጭድ ያጠረው የከተማ አምራችና ጭድ የተረፈው የገጠር መሠረታዊ ማኅበር በዩኒየናቸው በኩል ሊገናኙ ይችላሉ። እህል ጭኖ የመጣ መኪና ባዶውን ከሚመለስ የደረሰ ብስባሽ ይዞ ቢመለስ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ከገበያው የሚወጣው ቅጠላ ቅጠል ፕላስቲክና ጠርሙስ ሳይቀላቀልበት እንዲለይ ማኅበሩና የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሊስማሙ ይገባል፤ የተቀላቀለውን በኋላ መልቀም ከሁሉ የከፋ ጉልበት ነው። የሥራው ክንውንም በተቆፈረ ጉድጓድ ብዛት ሳይሆን ማሳ ላይ በተበተነ ኩንታል ቢለካ ሪፖርቱና አፈሩ አንድ ነገር ይናገራሉ።

ወንፈልና ደቦ ለአጨዳና ለቤት ሥራ ሲጠሩ የኖሩት ሥራው ለአንድ ቤት ስለሚከብድ ነው። የብስባሽ ሥራም ከእነዚህ የሚለይበት ምክንያት የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ 128 ኩንታል ለአንድ አባወራ ወይም ለአንዲት እማወራ የሚያስፈራ ቁጥር ነው። ግማሹን በበሬ ሰኮና፣ ሩቡን በማኅበር ማሽን፣ ቀሪውን በደቦ ለተከፋፈለ ሕዝብ ግን የአንድ ወቅት ሥራ ነው።